ለውዝ የተባለች አጥንት

ድሬ ዳዋ ውስጥ «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አማርኛ ቃሉን ከግዕዙ «ቀበረ» ወርሶታል፤ ሶማልኛ «ቀብሪ» ብሎ ከዐረብኛ ተቀብሎታል፤ ዐረቡ «ቀብር»፣ አይሁዱ «ቄቬር» ይላል። ኦሮምኛ «አዋላ» ብሎ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ይሁንና መጋላ ሰፈር ተወልዶ ቀብር ምን እንደሆነ የማያውቅ ኦሮሞ አይገኝም። በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ከተማ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ህንዱን፣ የመኑን ስትሰበስብ፣ ከኤደን ወደብ ንግድ ይዘው የመጡ አይሁድም በመካከላቸው ነበሩ። የእኛ የሞት ቃላት ግን ባቡሩን አልጠበቁም። ስለ ነፍስና ሥጋ፣ ስለ ወዲያኛው ዓለም የምንናገርባቸው ቃላት ከፊሎቹ ገና በአክሱም ዘመን በአይሁድ በር በኩል የገቡ ናቸው፤ አይሁድ እርስ በርሳቸው ስለ ሞት ሲከራከሩ የኖሩትም በእነዚሁ ቃላት ነው።

ከነፍስ እንጀምር፤ እሷ የተዋሰናት ሳትሆን የወረስናት ናትና። ግዕዝ «ነፍስ»፣ ዕብራይስጥ «ኔፌሽ»፣ ዐረብኛ «ነፍስ»፣ ሶማልኛ «ናፍ»፣ የጥንቱ አካድኛ ደግሞ «ናፒሽቱ» ይላል። ዛሬ ነፍስ ስንል የማትታይ፣ የማትዳሰስ፣ ሥጋ ሲወድቅ ሽቅብ የምትበር ነገር ይመስለናል። ቃሉ ሲወለድ ግን ጉሮሮ ነበር። በአካድኛ «ናፒሽቱ» ሕይወትም ነው፣ ጉሮሮም ነው። በዕብራይስጡ ትንቢተ ዮናስ ነቢዩ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ ውኃው የሚደርሰው እስከ «ኔፌሹ» ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ነፍስ ከማለት አንገት ማለት ይቀላል። ኢሳይያስም ሲኦልን እንደ አውሬ ሥሎ «ኔፌሿን» አሰፋች ሲል የከፈተችው ጉሮሮዋን ነው። ከጉሮሮ ወደ ትንፋሽ፣ ከትንፋሽ ወደ ሕይወት፣ ከሕይወት ወደ ባለሕይወቱ ተሻገረ። አማርኛ ይህን መንገድ አልዘጋውም። ነፋስ፣ ነፈሰ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ መንፈስ ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

ዕብራይስጡ ከዚህም ይብሳል። በኦሪት ዘኍልቍ ስለ ናዝራዊ በተጻፈው ሕግ፣ ናዝራዊ ሊቀርበው የማይገባው ሬሳ ራሱ «የሞተ ኔፌሽ» ይባላል። ነፍስ የሚሞት፣ የሚዳሰስ፣ የሚያረክስ ነገር ሆነ ማለት ነው! በኋላ ዘመን ሚሽና በተባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ ደግሞ መቃብር ላይ የሚቆም ሐውልት «ኔፌሽ» ተብሏል፤ ለቀብር ከተዋጣ ገንዘብ የተረፈው ለሟቹ «ኔፌሽ» ይሠራበት ያለ ሊቅ አለ። ለአማርኛ ጆሮ ይህ እንግዳ ይመስላል እንጂ እኛም ነፍስን ለብቻዋ ሰማይ ላይ አልሰቀልናትም። ነፍሰ ገዳይ የገደለው ሥጋ ነው። ነፍሰ ጡር የከበዳት ሆዷ ነው። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ የሚያውቀው ዓለምን ነው። በየመብራቱ ዙሪያ የሚርመሰመሱትን ትንኝና የእሳት ራት ደግሞ «ነፍሳት» እንላቸዋለን፤ በኦሪት ዘፍጥረትም ዓሣውና የምድር እንስሳው «ኔፌሽ ሐያ»፣ ነፍስ ያለው ሕያው፣ ተብሎ ነው የተፈጠረው። ይህን ለማየት የግሪክ ፍልስፍና መነጽር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያደበዝዘዋል።

በነገራችን ላይ «ሩህ» እና «ሩኅሩኅ» ዘመድ የሚመስሉት ብዙ ሰው አለ፤ ድሬ ላይ «ሩሁ ወጣ» ማለት የተለመደ ስለሆነ ነገሩ ያሳስታል። ሩህ ዐረብኛ ነው፤ የዕብራይስጡ «ሩአሕ»፣ ነፋስም መንፈስም የሚባለው፣ ወንድም። ሩኅሩኅ ግን ከግዕዙ «ራኅርኀ» የመጣ ነው፤ ለሰለሰ፣ ራራ ማለት። ደግ ሰው ሩህ ስለበዛበት አይደለም ሩኅሩኅ የሆነው።

ሥጋ ያንን ያህል አይተረክበትም። ዕብራይስጡ «ባሳር» ይለዋል፤ ቃሉ ሌላ፣ አጠቃቀሙ ግን አንድ ነው፦ በሁለቱም የሚበላው ሥጋ፣ ገላው፣ ዝምድናው በአንድ ቃል ይጠራል። እኛ «የሥጋ ዘመድ» እንላለን፤ ዕብራውያንም ዘመዳቸውን አጥንቴና ሥጋዬ ይሉታል። የአማርኛው ጌጥ ግን «ሰውነት» ነው። «ሰውነቴን አሞኛል» የሚል ሰው ስለ ገላው እያወራ ነው፤ ቃሉ ግን ሰው መሆኑን ነው የሚጠራው። ሥጋን የነፍስ እስር ቤት ያደረገ ሕዝብ ገላን ሰውነት ብሎ አይሰይምም።

በዚሁ ነገር ላይ የባቢሎን ታልሙድ፣ ሚሽናን የሚያብራራው የረቢዎች መጽሐፍ፣ አንድ ምሳሌ ያስቀምጣል። አንጦኒኖስ የተባለ ሮማዊ ንጉሥ ረቢ ይሁዳን ይሞግተዋል፤ በፍርድ ቀን ሥጋም ነፍስም ማምለጥ ይችላሉ ይለዋል። ሥጋ «ኃጢአቱን የሠራች ነፍስ ናት፤ እሷ ከተለየችኝ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ተጋድሜያለሁ» ይላል። ነፍስም «ሥጋ ነው፤ ከእሱ ከተለየሁ ወዲህ እንደ ወፍ በአየር እየበረርሁ ነው» ትላለች። ረቢው የመለሰለት በአንድ ንጉሥ ታሪክ ነው። ንጉሡ ቀድሞ የደረሰ በለስ ያለበት የአትክልት ቦታ ነበረው፤ አንድ አንካሳና አንድ ዕውር ጠባቂ አደረገበት። አንካሳው በለሱን አየ፤ ዕውሩ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ቆርጠው በሉ። ንጉሡ ሲመጣ አንዱ «እግር አለኝ ወይ?» ሌላው «ዓይን አለኝ ወይ?» አሉ። ንጉሡም አንካሳውን ዕውሩ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ፈረደባቸው። ከዚህ ወዲህ ትንሣኤ ለምን የሥጋ መሆን አለበት ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የፈሪሳውያን ወራሾች የሆኑት ረቢዎች መልሳቸው ይኸው ነው፦ ፍርዱ ያለ ሥጋ አይሞላም።

ሲኦል የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ «ሼኦል»። ሥሩ እስካሁን አልተቋጨም። ጠየቀ ከሚለው ግስ ያመጡት አሉ፤ ያ ግስ በግዕዝ «ሰአለ» ነው፣ ለመነ፣ ጠየቀ። ይህን ሐሳብ ደጋፊዎቹ ከሙታን ጠያቂነት ጋር ያገናኙታል። በዕብራይስጥ ፊደል ያለ አናባቢ ሲጻፍ ንጉሡ ሳኦልና ሲኦል አንድ ዓይነት ናቸው፤ በዓይንዶር ያለችውን ሙታን ሳቢ ሴት ለማማከር በሌሊት የሄደውም ያው ሳኦል ነው። መገጣጠሙ ያምራል፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። በአማርኛ «ሥዕል»ን እዚህ ውስጥ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፤ እሱ በንጉሥ ሠ እና በዐይን ዐ የሚጻፍ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ያቀራረበው ምላሳችን ነው።

የጥንቱ ሲኦል እሳት የለውም። ጻድቁም ኃጥኡም ይወርድበታል። ያዕቆብ ዮሴፍን አውሬ በላው ብሎ ሲያምን እያዘነ ወደ ሲኦል እንደሚወርድ ተናገረ፤ ያዕቆብ ተኮነነ ያለ ግን የለም። ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ምስጋና የሌለበት ጉድጓድ ነው። ዋጋና ቅጣት የሚለይበት ቦታ ያስፈለገው በኋላ ነው፤ ያኔ ገሃነም መጣ።

ገሃነም የሚገኝበት ቦታ ይታወቃል። ከጥንቷ ኢየሩሳሌም በስተደቡብ ምዕራብ ያለ ሸለቆ ነው፤ «ጌ ሒኖም»፣ የሔኖም ሸለቆ። እዚያ ልጆች በእሳት ይሠዉ እንደነበር ነቢዩ ኤርምያስ አምርሮ ይናገራል፤ ንጉሥ ኢዮስያስም ቦታውን እንዳረከሰው መጽሐፈ ነገሥት ይመሰክራል። የመሬት ስም የእሳት ስም ሆነ። እኛ ጋ የደረሰበት መንገድ ግን ከትርጉሙ ይልቅ አንድ ፊደል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ግሪኩ «ጌኤና» ብሎ «ሀ»ውንም የመጨረሻዋን «ም»ንም ጥሏል። ሶርያኛውም «ም» የለውም። ግዕዝ ግን «ገሃነም» ብሎ ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ ቃሉ ከግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ጋር የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከአይሁድ አፍ ነው። ቴዎዶር ኖልደኬ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1910 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የዐረብኛው «ጀሀነም» የመጣው ከእኛው ገሃነም ነው ብሏል፤ ብዙዎችም ተከትለውታል። እንግዲህ የኢየሩሳሌም ሸለቆ አክሱም ደርሶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ቁርኣን ውስጥ ገብቶ፣ በዘይላና በሐረር በኩል ተመልሶ መጋላ ላይ «ጀሀነም» ሆኗል። ከዚራ ሰፈር «ገሃነም»፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ «ጀሀነም»፤ ድልድዩ ላይ የሚለወጠው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ገነትና ጀነትም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም አጥር ያለው አትክልት ማለት ነው፣ የዕብራይስጡ «ጋን» ወገን።

የአይሁድ ሊቃውንት ገሃነምን ዘላለማዊ ለማድረግ አልቸኮሉም። በሚሽና ረቢ ዐቂባ የክፉዎች ቅጣት በገሃነም ዐሥራ ሁለት ወር ነው ይላል። ከዚህ የመጣ ልማድ አለ፦ ልጅ ለሞተ አባቱ ወይም እናቱ «ቃዲሽ» የተባለውን ጸሎት (ከእኛ «ቅዱስ» እና «ቅዳሴ» ጋር አንድ ሥር ነው) የሚደግመው ዐሥራ አንድ ወር ብቻ ነው። ዐሥራ ሁለቱን ቢሞላ ወላጁ ክፉ ነበር፣ ሙሉውን ቅጣት ያስፈልገዋል ብሎ መመስከር ይሆንበታል። የሟችን ስም መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ አንድ ወር ቆርጦ በመተው።

ቃላቱ ወደመጡበት በር እንመለስ። የቋንቋ ሊቁ ሔይም ያዕቆብ ፖሎትስኪ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ግዕዝ ውስጥ ያሉ የአራማይስጥ ቃላት ከሶርያ መነኮሳት መጡ የሚለውን የቆየ አስተያየት ሞግቷል፤ ከፊሎቹ የአይሁድ ቀለም እንዳላቸው አሳይቷል። የእሱ ምርጥ ምስክር ምጽዋት ነው። በዕብራይስጥ «ሚጽቫ» ትእዛዝ ማለት ነው። የፍልስጤም አይሁድ በሚናገሩት አራማይስጥ ግን ቃሉ ጠብቦ «ለድሀ የሚሰጥ» ሆነ፤ ምጽዋት በግዕዝ ያለው ትርጉም ይኸው ብቻ ነው። ትርጉሙ አብሮ የመጣው ቃሉን በየቀኑ ከሚናገሩ ሰዎች ነው እንጂ ከመዝገበ ቃላት አይደለም።

ምጽዋት ከሞት ጋር ያለው ነገር ደግሞ ድሬ ላይ በግልጽ ይታያል። ክርስቲያኑ በአርባና በሰማንያ ቀን፣ በሙት ዓመት ተዝካር ያወጣል፤ ነዳያን ይበላሉ። ሙስሊሙ ሰደቃ ያወጣል፤ እንደዚሁ ድሀ ይጠግባል። አይሁዱም ቀብር ላይ «ጸዳቃ» ይሰበስባል። ሰደቃና ጸዳቃ አንድ ቃል ናቸው፤ የግዕዙ ጽድቅም የእነሱ እህት ናት። ተዝካር ደግሞ ዘከረ፣ አስታወሰ፤ በዕብራይስጥ «ዛኻር»። አውሮፓ የኖሩ አይሁድ በዓላት ላይ ለሙታን የሚጸልዩት ጸሎት «ዪዝኮር» ይባላል፤ ያስብ፣ ይዘክር ማለት ነው። የሐረርና የድሬ ሱፊዎች ዚክሪም ከዚሁ ዘር ነው። ተዝካር ማውጣት ባላገርን ያደኸያል እየተባለ ሲተች ኖሯል፤ ቃሉ ግን ማስታወስን እንጂ ድግስን አያዝዝም።

ትንሣኤ ላይ ሦስቱ ቤቶች ይለያያሉ። የእኛ ተነሣ ከሚለው ነው፤ ከግሪኩ «አናስታሲስ» ጋር ይገጥማል፣ ከተኙበት መነሣት። የሙስሊሙ «ቂያማ» ከቆመ ነው፤ የአማርኛው «ቆመ»ና «ቁም» የሥጋ ወንድሞቹ ናቸው፣ ዕብራይስጡም «ቁም» ይላል። ረቢዎቹ ግን የመረጡት «ቴሒያት ሀሜቲም» የሚለውን ነው፤ ከሕይወት፣ ሙታንን ሕያው ማድረግ። በየቀኑ በሚደግሙት ጸሎት ሁለተኛው ቡራኬ አምላክን ሙታንን ሕያው አድራጊ ይለዋል። መቃብር ቦታንም «ቤት ሐዪም» ይሉታል፤ ቃል በቃል ቤተ ሕያዋን።

ይህ እምነት ግን ያለ ሙግት አልጸናም። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ በምድር ትቢያ ያንቀላፉ እንደሚነቁ በግልጽ የሚናገረው ትንቢተ ዳንኤል ነው፤ ሊቃውንት ያን ምዕራፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት 165 ዓመት አካባቢ ያደርጉታል። ሰዱቃውያን አልተቀበሉም፤ ፈሪሳውያን ተቀበሉ። ሚሽና ትንሣኤ ሙታን የለም የሚል ሰው በሚመጣው ዓለም ዕጣ እንደሌለው እስከመደንገግ ደረሰ። የሚገርመው የሙግቱን ያልተጠናቀቀ ገጽ አስቀምጠን የቆየነው እኛ ነን። በኢትዮጵያ ሙሉው የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ የአይሁድ ሥራ ነው፤ እዚያ የጻድቃን አጥንት መሬት ውስጥ ያርፋል፣ መንፈሳቸው ይደሰታል፤ ሥጋ ሲነሣ አይታይም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ነፍሳት በምዕራብ ባለ ተራራ ውስጥ በተለያዩ ዋሻዎች ፍርድ ሲጠብቁ ያሳያል፤ ኢየሩሳሌም አጠገብ ያለውን የተረገመ ሸለቆም በስሙ ሳይጠራው ይጎበኛል። ሌላ ቦታ ምድርና ሲኦል የተቀበሉትን አደራ ይመልሳሉ ይላል። የእኛው መቃብያንም ትንሣኤን የካዱትን ይሞግታል። አንዱ መጽሐፍ ሥጋን ሲተው ሌላው ያስመልሳል፤ ደብተራው ሁለቱንም በአንድ ብራና ቤት አኑሯል።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል እነዚህን መጻሕፍት የያዙት በግዕዝ ነው። ሚሽናና ታልሙድ አልደረሷቸውም፤ ቄሶቻቸው ስለ ነፍስ የሚናገሩት በዕብራይስጥ ሳይሆን «ነፍስ»፣ «ሲኦል»፣ «ገነት» እያሉ ነበር። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰፈር ተለይቶ መቆየቱ የኦሪት ሕግ ነው፤ ለሙታን ተዝካር ማውጣታቸው ደግሞ የአገር። ዣክ ፋይትሎቪች በ1906 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሞተ ሙሴ» ነቢዩ ከመልአከ ሞት ጋር ሲገናኝ የሚተርክ የግዕዝ ድርሳን ነው። በ«ትእዛዘ ሰንበት» ሰንበት ራሷ እንደ ንግሥት ናት፤ በሲኦል ላሉ ነፍሳት ትማልዳለች። ኦሪት ዘፀአት እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ዐረፈ ሲል የሚጠቀመው ግስ ከኔፌሽ የወጣ ነው፤ በእኛ አፍ እፎይ ብሎ ተነፈሰ እንደማለት። ታልሙድም በገሃነም ያሉ በሰንበት ያርፋሉ ይላል። ሁለቱ ማኅበረሰቦች ሳይተያዩ አንድ ሐሳብ ላይ መድረሳቸውን ብዙ ጸሐፊ አልፎታል፤ እኔ ግን በቤተ እስራኤል ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይኸው ነው።

ከኤደን ወደ ድሬ የመጡት አይሁድ ሌላ ውርስ ነበራቸው። የመን ለአይሁዳዊው ሊቅ ለሙሴ ማይሞኒደስ ታማኝ አገር ነበረች። እሱ ካይሮ ተቀምጦ በ1172 እ.ኤ.አ. ለተጨነቁት የየመን አይሁድ የመጽናኛ ደብዳቤ ልኮላቸዋል፤ ስሙንም ቃዲሽ ውስጥ አስገብተው ይጠሩት ነበር። ችግር የመጣው ከዚያው ከየመን ነው። የሕግ መጽሐፉን ያነበቡ አንዳንዶች «መምህራችን የሚመጣው ዓለም ሥጋ የሌለበት ነው ካለ፣ ትንሣኤ የለም ማለቱ ነው» አሉ። በ1191 እ.ኤ.አ. ማይሞኒደስ እየተናደደ የትንሣኤን ድርሳን ጻፈ፤ ርዕሱ «መቃላ ፊ ቴሒያት ሀሜቲም» ነው፣ ግማሹ ዐረብኛ ግማሹ ዕብራይስጥ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅል የድሬ ልጅ አያፍርበትም። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሙታን በሥጋ ይነሣሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ረጅም ዘመን ይኖራሉ፤ ከዚያ ዳግመኛ ይሞታሉ፤ ዘላለም የሚኖረው ነፍስ ብቻ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ያመጣው ዳግም ሞት ብዙዎችን አላስደሰተም። ሌላው የአይሁድ ሊቅ ናሕማኒደስ ተነሥተው በሥጋቸው ይኖራሉ ብሎ ተቃወመው። በእኔ ዓይን የማይሞኒደስ መልስ ብልኅ ነው እንጂ ልብ አያሳርፍም፤ አንካሳውን ከዕውሩ ትከሻ ላይ ያወርደዋል።

ሥጋ በስብሶ ካለቀ በኋላ ታዲያ ከምን ይነሣል? ይህን ጥያቄ ሚድራሽ በተባለው የረቢዎች ትርጓሜ የሚጠይቀው የሮም ቄሣር ሐድርያን ነው፤ የሚመልሰው ረቢ ኢያሱ ወልደ ሐናንያ። «ከአከርካሪ ሉዝ» አለው። «በምን ታውቃለህ?» ቢለው አስመጣና አሳየው። ውኃ ውስጥ ጨመራት፣ አልሟሟችም። እሳት ውስጥ ጨመራት፣ አልተቃጠለችም። ወፍጮ ላይ አደረጋት፣ አልተፈጨችም። በመጨረሻ ከመስፍ ላይ አኑሮ በመዶሻ ቢመታት መስፉ ተሰነጠቀ፣ መዶሻው ተሰበረ። ሉዝ ለውዝ ናት፤ በዐረብኛም «ለውዝ»፣ ፈረንጅ አልሞንድ የሚለው ፍሬ። የሙስሊሞች ሐዲስም መሬት የአደምን ልጅ ሁሉ ትበላዋለች፣ «ዐጅብ አዝ-ዘነብ» ከምትባለው የጅራት አጥንት በቀር፤ ከእሷ ዳግመኛ ይገጣጠማል ይላል። «ዘነብ» በግዕዝም ጅራት ነው።

ቀፊራ ገበያ ላይ በጣሳ የሚሰፈረው ለውዝ ግን ያ ፍሬ አይደለም። እሱ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የመሬት ውስጥ ጥራጥሬ ነው፤ አዲስ አበባ ኦቾሎኒ ይለዋል፤ ከባቢሌ፣ ከፈዲስ፣ ከጉርሱም የሚጭኑት ገበሬዎች አገር የአሮጌውን ፍሬ ስም አልብሶታል። ሉዝ የተባለችው አጥንት ያለችበት ቦታም አልታወቀም። አንዱ ወገን በአከርካሪ ጫፍ፣ ከወገብ በታች አደረጋት። ሌላው ማጅራት ላይ፣ አይሁድ ሲጸልዩ የሚያስሩት የቴፊሊን ጠፍር ቋጠሮው በሚያርፍበት። የኋለኞቹ ይጨምራሉ፦ ለውዟን የሚመግባት ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣች በኋላ፣ የሚበላው እራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰንበት ጠግቦ የዋለ ሰው እንኳ ያን ምሽት ጥቂት ይቀምሳል።